በ2 ድንጋይ ለሚሰራ ካሜራ፦ ከድንጋዩ በፊት ቻርጀሩ

ጥያቄ፦ «ካሜራዬ ካኖን ፓወርሾት ኤስኤክስ160 ነው። በ2 ትንሽ ድንጋይ፣ ኤኤ በሚባለው ነው የሚሰራው። ከሰፈር ሱቅ የምገዛው ድንጋይ 15 ፎቶ እንኳን ሳላነሳ ባትሪ ቀይር ይለኛል። ሰለቸኝና 4600 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል የሚሞላ ድንጋይ 4 ፍሬ ከነቻርጀሩ ገዛሁ። ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አድሮ ጠዋት ከ40 ፎቶ አላለፈም፤ ጭራሽ አንዱ ድንጋይ ሲነኩት እጅ ያቃጥላል። ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን? አሜሪካ ያለችው እህቴ በሰው እጅ ልትልክልኝ ትችላለች፤ ምን ልበላት?»

መልስ፦ ካሜራዎ የተበላሸ አይመስልም። የዘረዘሯቸው ምልክቶች ሁሉ የሚጠቁሙት ድንጋዩንና ቻርጀሩን ነው፤ ከሁለቱም ይበልጥ ቻርጀሩን። ለእህትዎ የሚልኩት መልእክት በአጭሩ ይኸው፦ የፓናሶኒክ ኢነሉፕ፣ ነጩ፣ ኤኤ፣ 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት፣ 4 ወይም 6 ፍሬ። ከእሱ ጋር እያንዳንዱን ድንጋይ ለየብቻ የሚቆጣጠር ቻርጀር፣ ቢቻል በዩኤስቢ የሚሰራ፣ ካልሆነ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል። ገንዘቡ አልበቃ ካላት የድንጋዩን ቁጥር ትቀንስ እንጂ በቻርጀሩ አትደራደር። ምክንያቱን ካወቁት ለሌላ ዕቃም ስለሚጠቅምዎ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

ካኖን ለዚህ ካሜራ ያወጣው ቁጥር በ2 አልካላይን ድንጋይ (የተለመደው የማይሞላው) 140 ፎቶ ገደማ፣ በ2 ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ (የሚሞላው) 380 ገደማ ነው። ካሜራው ያው፣ የድንጋዩ መጠን ያው፣ ልዩነቱ ግን ከ2 እጥፍ ተኩል ይበልጣል። የሚገርመው ደግሞ በወረቀት ላይ አልካላይኑ ብዙ ጊዜ ከሚሞላው ድንጋይ የበለጠ ይይዛል፤ ቀስ ተብሎ ከተወሰደለት 2500 ሚሊ አምፔር ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሰጣል። ታዲያ ምን ነካው?

ሰው ድንጋይ ሲገዛ «ስንት ይይዛል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለካሜራ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «የያዘውን በምን ፍጥነት ይሰጣል?» የሚለው ነው። ጀሪካኑ 20 ሊትር ቢይዝም አፉ የመርፌ ቀዳዳ ካከለ እሳት አያጠፉበትም። የድንጋይን የአፍ ጥበት የሚወስነው ውስጣዊ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ሲወጣ እዚያው ውስጡ የሚገጥመው ተቃውሞ ነው፤ የሚለካው በኦም ነው። ካሜራው ሌንሱን ሲያወጣ፣ ስክሪኑን ሲያበራና ፍላሹን ሲሞላ በአንድ ጊዜ 1 አምፔር ጠየቀ እንበል። ሬዚስታንሱ ግማሽ ኦም የሆነ ርካሽ ዚንክ ካርቦን ድንጋይ በዚያች ቅጽበት 0.5 ቮልት ውስጡ ያስቀራል፤ 1.5 የነበረው 1.0 ይሆናል። አልካላይን አዲስ ሳለ ከ0.15 እስከ 0.3 ኦም ገደማ ስለሆነ ሻል ይላል፤ እየተጠቀሙበት ሲሄዱ ግን ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ደህና የሚሞላ ድንጋይ 0.03 ኦም አካባቢ ነው፤ የሚያስቀረው 0.03 ቮልት ብቻ ይሆናል።

ካሜራው ድንጋዩ ውስጥ ስንት እንደቀረ የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም፤ ቮልቱን አይቶ ነው የሚፈርደው። ቮልቱ ወርዶ ሲያገኘው «አልቋል» ብሎ ይዘጋል። የሱቁ ድንጋይ እኮ አላለቀም። ካሜራው የጣለውን ድንጋይ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ ይክተቱት፤ ወራት ይቆጥርልዎታል።

ከዚሁ ጋር አንድ የተለመደ ስጋት ይነሳል፦ «የሚሞላው 1.2 ቮልት ነው፣ ካሜራው የሚፈልገው 1.5፤ አይበቃም» የሚል። 1.5 የሚለው ምንም ጭነት ሳይኖር የሚነበበው ነው። አልካላይን ካሜራ ውስጥ ገብቶ ሥራ ሲጀምር ብዙም ሳይቆይ ከ1.2 በታች ይወርዳል። የሚሞላው ደግሞ ከቻርጀር ሲወጣ 1.4 አካባቢ ሆኖ ይጀምርና ጉልበቱን አብዛኛውን በ1.2 እና በ1.25 መካከል ሆኖ ይሰጣል፤ መጨረሻ ላይ ነው በአንዴ የሚወድቀው። አንዳንድ ካሜራዎች፣ ለምሳሌ የኒከን ኩልፒክስ ኤል ተከታታይ፣ ሜኑ ውስጥ የባትሪ ዓይነት መምረጫ አላቸው። እዚያ የሚሞላውን ካልመረጡለት የቀረውን ጉልበት የሚያሳየው ምልክት ይዋሻል።

አሁን ወደ ድንጋዮቹ። የትኛውንም ኤኤ ድንጋይ ሲያነሱ ከማስታወቂያው በፊት በትንሹ የተጻፈችውን ኮድ ይፈልጉ። አር6 ካለ ዚንክ ካርቦን ነው፣ ለካሜራ አይሆንም። ኤልአር6 አልካላይን ነው። ኤችአር6 የሚሞላው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። ኤፍአር6 የማይሞላ ሊቲየም ነው፤ ቀላል፣ ብርድ የማይበግረው፣ ለካሜራ በጣም ጥሩ፣ ግን ውድና የአንድ ጊዜ። ቻርጀር ላይ ፈጽሞ አይደረግም። ቀለሙና ሥዕሉ ሊያታልል ይችላል፤ ኮዷ ግን ደህና አምራች ባለበት ሁሉ አለች። ጭራሽ የሌለችበት ድንጋይ ያኔውኑ ጥርጣሬ ውስጥ ይግባ።

4600 የሚለው ቁጥር ግን ጥርጣሬም አያስፈልገውም፤ ውሸት ነው። በኤኤ ቆርቆሮ ውስጥ ሊገባ የሚችለው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ጣሪያው 2700 ወይም 2800 አካባቢ ነው። ከ3000 በላይ የተጻፈበትን ሁሉ ከነዋጋው ይተዉት፤ እንዲህ የሚጽፍ አምራች ውስጡ ያለውንም አሳምሮ አይሠራም። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ድንጋይ ከ1000 ያነሰ ነው የሚይዘው። ሳይከፍቱ ማወቂያው ሚዛን ነው። ነጩ ኢነሉፕ 27 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከፍ ያለ አቅም ያለው ጥቁሩ 30 ገደማ። ወርቅ ቤት ያለች ትንሽ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡት የእርስዎ ድንጋይ 15 ወይም 18 ግራም ቢል አይደነቁ፤ የጎደለው ክብደት የጎደለው ብረት ነው።

ከ2000 እና ከ2500 የቱ ይሻላል? እኔ ለእርስዎ 2000ውን የመረጥኩት ቆጣቢ ለመሆን አይደለም። አምራቹ ራሱ ነጩን ኢነሉፕ እስከ 2100 ጊዜ፣ ጥቁሩን ኢነሉፕ ፕሮ እስከ 500 ጊዜ ይሞላል ብሎ ነው የሚሸጠው። ጥቁሩ ውስጥ ብዙ ለማጨቅ ሁለቱን ዋልታዎች ውስጥ ለውስጥ የሚለየው ሽፋን ይሳሳል፣ ስለዚህ ቶሎ ያረጃል፤ ወፈር ስለሚልም ጠባብ የባትሪ ቤት ባላቸው ካሜራዎች ውስጥ አንዳንዴ ይጣበቃል። ለትልቅ ፍላሽ፣ 4 ድንጋይ ይዞ ሰርግ ሙሉ ለሚውል ባለሙያ፣ ጥቁሩ ዋጋውን ያወጣል። ለእርስዎ አንድ ጥንድ 380 ያህል ፎቶ ከሰጠና ሌላ ጥንድ ኪስ ውስጥ ካለ ተጨማሪዋ 500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ምን ትጠቅማለች? በኢኬአ መደብሮች የሚሸጠው ላዳ፣ 2450 የሚለው፣ ለእህትዎ ቅርብ ከሆነ ከጥቁሩ ጎራ የሚመደብ ጥሩ ድንጋይ ነው።

ዋናው መለያ ግን ሌላ ነው። የድሮው የሚሞላ ድንጋይ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ በራሱ ያልቅ ነበር፤ ሞልተው ቢያስቀምጡት በወር ውስጥ ጉልህ ድርሻውን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሳንዮ ኢነሉፕን ሲያወጣ ያስተካከለው ይህንን ነው። አምራቹ የዛሬውን ነጩን በ20 ዲግሪ ሙቀት ቢቀመጥ ከ10 ዓመት በኋላ እንኳን 70 በመቶውን ይዞ ይቆያል ይላል። በሌላ ምርት ላይ ይህንን የሚያውቁት ማሸጊያው ላይ «ተሞልቶ የመጣ» ወይም «ለአገልግሎት ዝግጁ» የሚል ሲያገኙ ነው፤ በራሱ የሚያልቅ ድንጋይ ተሞልቶ ሊሸጥ አይችልምና።

አሁን ያቃጠለዎት ድንጋይ። ርካሹ ቻርጀር ውስጡ ምንም አእምሮ የለውም። ሲሰኩት ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለቃል፣ እስኪነቅሉት ይለቃል፤ ያ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ሁለቱን ድንጋዮች በአንድ መስመር፣ አንዱን ከአንዱ አስከትለው ነው የሚሞሉት። አንዱ ሲገባ ግማሹ ተርፎት ከነበረ፣ ወይም ከፊቱኑ አቅሙ አነስተኛ ከሆነ፣ ቀድሞ ይሞላል። ሌላው ገና ስለሆነ ግን ኤሌክትሪኩ አይቆምለትም። ሞልቶ እየተሞላ ያለ ድንጋይ የሚገባውን ሁሉ ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፣ ግፊቱ ሲበዛ በማስተንፈሻው እርጥበቱ ይወጣል፣ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። በሚቀጥለው ቀን ካሜራ ውስጥ ያ የደረቀው ቀድሞ ያልቃል፤ ደህናው ጓደኛው ደግሞ ገና ጉልበት ስላለው በባዶው ውስጥ ኤሌክትሪክ እየገፋ ጭራሽ ዋልታውን ይገለብጠዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ ድንጋዩ አበቃለት። የእርስዎ 40 ፎቶ የዚህ ውጤት ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

አእምሮ የሌለውን ቻርጀር በሂሳብ መጠቀም ይቻላል። ጀርባውን ያንብቡ፤ ወደ ድንጋዩ የሚሰጠው ስንት ሚሊ አምፔር እንደሆነ ተጽፏል። የድንጋዩን አቅም በ1.5 አባዝተው በዚያ ቁጥር ያካፍሉ፤ የሚገኘው ሰዓት ነው። 2000 ሲባዛ በ1.5፣ ሲካፈል ለ200፣ 15 ሰዓት። የእርስዎ ድንጋይ በእውነቱ 900 ይዞ ቻርጀሩ 150 ቢሰጥ 9 ሰዓት ይበቃዋል። 4600ውን አምነው ካሰሉት ግን 46 ሰዓት ይወጣል፤ የውሸቱ ቁጥር ድንጋዩን የሚገድለው በዚህ መንገድም ነው። ይህ ሂሳብ ደግሞ ድንጋዩ ባዶ ሆኖ መጀመሩን ታሳቢ ያደርጋል። ግማሽ ከነበረ ግማሹን ሰዓት ነው።

ጥሩው ቻርጀር ምን ያደርጋል? በየድንጋዩ ላይ ቮልቱን ይከታተላል። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ሲሞላ ቮልቱ እየወጣ ወደ 1.45 እና 1.5 ይደርስና ልክ ሲሞላ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ቮልት ያህል ዝቅ ይላል። ቻርጀሩ ያችን ዝቅታ አይቶ ይቆማል። ዝቅታዋ ግን ኤሌክትሪኩ በጣም ቀጭን ከሆነ አትታይም። ስለዚህ «ቀስ ብሎ መሙላት ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለው የብዙ ሰው እምነት ለዚህ ዓይነት ቻርጀር አይሠራም። ለ2000 ድንጋይ ከ500 እስከ 1000 ሚሊ አምፔር ተስማሚ ነው፤ 200 ላይ ያስቀመጡት ብልህ ቻርጀር መሙላቱን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። መጨረሻ ላይ ድንጋዩ ሞቅ ማለቱ ጤነኛ ነው። በእጅ ጨብጠው መቆየት ካቃተዎት ግን ወዲያው ያውጡት።

ፓናሶኒክ ከኢነሉፕ ጋር ከሚሸጣቸው ውስጥ ቢኪው-ሲሲ17 እና ቢኪው-ሲሲ55 የሚባሉት 4ቱን ለየብቻ የሚቆጣጠሩ ናቸው። የመጀመሪያው 4 ኤኤ በ7 ሰዓት ገደማ፣ ሁለተኛው በ3 ሰዓት ገደማ ይሞላሉ። ቢኪው-ሲሲ51 የሚለው ግን በጥንድ የሚሞላና በሰዓት ቆጣሪ የሚሠራ ስለሆነ እህትዎ ርካሽ ጥቅል አገኘሁ ብላ እሱን እንዳትይዝ። የበለጠ ማወቅ ለሚወድ ሰው ላ ክሮስ ቢሲ-700 የመሰለው አለ፤ 200፣ 500 ወይም 700 ሚሊ አምፔር ያስመርጣል፣ የያንዳንዱን ድንጋይ እውነተኛ አቅም ለክቶ በቁጥር ያሳያል። 200ውን ይተዉት፣ በ500 ይጠቀሙበት።

ከአሜሪካ በሚመጣ ቻርጀር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሶኬቱ ላይ ነው። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ዘንድ 220። ጀርባው ላይ 100-240 ካለ ጠፍጣፋውን መሰኪያ የሚቀይር ተራ አዳፕተር ይበቃዋል። 120 ብቻ ካለ ግን ያ አዳፕተር ቅርጽ እንጂ ቮልት አይቀይርም፤ በሰኩበት ቅጽበት ይቃጠላል። ሲላክ ከማሸጊያው ሳይሆን ከቻርጀሩ ጀርባ ፎቶ አንስታ ትላክልዎት፤ ለአውሮፓና ለአሜሪካ የሚሠራው ተመሳሳይ ስም ይዞ የተለያየ ቮልት ሊሆን ይችላልና። በዩኤስቢ የሚሠራውን ያስቀደምኩት ይህን ጣጣ ስለሚያስቀር ነው፤ 5 ቮልት የትም 5 ቮልት ነው። ለ4 ድንጋይ 2 አምፔር የሚሰጥ የስልክ ራስ ይፈልጋል። 1 አምፔር የምትሰጠው አሮጌ የስልክ ቻርጀር ላይ ከሰኩት መሙላቱ ይንቀራፈፋል፣ ወይም መብራቱ እየበራ እየጠፋ ያደናግርዎታል።

ልታመጣቸው የማይገቡትንም ይንገሯት። ራሱ ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለበት፣ 1.5 ቮልት የሚል የሚሞላ ሊቲየም ኤኤ አለ። ውስጡ ሊቲየም ሴልና ቮልቱን ወደ 1.5 የምታወርድ ትንሽ ሰርኪዩት ነው ያለው። ለአሻንጉሊት መልካም ነው፤ ካሜራ ላይ ግን ቮልቱ እስከ መጨረሻው 1.5 ሆኖ ስለሚቆይ ካሜራው «ሙሉ ነው» እንዳለ ድንገት ይጠፋል፣ ሌንሱም እንደወጣ ይቀራል። ሰርኪዩቷ ከአቅሟ በላይ ሲጠየቅም ትዘጋለች። በኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ቻርጀር ላይ ማድረግ ደግሞ አደጋ ነው። ከዚህ የባሰው 14500 የሚባለው ነው። ቁመቱም ውፍረቱም የኤኤ ነው፣ ቮልቱ ግን 3.7፤ ሲሞላ 4.2። ሁለት ካስገቡ ለ3 ቮልት የተሠራው ካሜራ ከ8 በላይ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ስለ ባትሪ የምንነጋገረው ነገር የለም።

በሰው እጅ ስለሚላክ፦ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ በእጅ ሻንጣም በሚጫነውም ሊሄድ ይችላል፣ ጫፎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ በማሸጊያው ወይም በፕላስቲክ ሳጥን ይሁን። ትርፍ ሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ ግን በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚገባው። አደራ ተቀባዩ ይህን ሳያውቅ ፓወር ባንክ ከሚጫነው ጋር ካስገባ ኤርፖርት ላይ ይወጣበታል።

ደርሶ እጅዎ ሲገባ ከቻርጀሩ በፊት እስክሪብቶ ያንሱ። ሁለቱ ላይ ሀ፣ ሁለቱ ላይ ለ፣ ሌላ ጥንድ ካለ ሐ ብለው ይጻፉ፤ ቀኑንም ያክሉ። ጥንድ አብሮ ይገባል፣ አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይሞላል። አዲስን ከአሮጌ፣ አንዱን ምርት ከሌላው መቀላቀል ቅድም ያልነውን የመገልበጥ ችግር በገዛ እጅ መጥራት ነው። ተሞልተው ስለሚመጡ ወዲያው ቢጠቀሙባቸው ችግር የለም፤ ሙሉ ግን አይሆኑም። የመጀመሪያው ሙሌት 12 ሰዓት መሆን አለበት የሚባለው ወሬ ነው፤ ቻርጀሩ ሲበቃ ያቆማል። በየጊዜው ሙልጭ አድርጎ መጨረስም አያስፈልግም፤ ካሜራው «ቀይር» ሲል ማውጣት በቂ ነው፣ ግማሽ ሆኖ ቢሞሉትም አይጎዳም። የሚጎዳው ካሜራው እምቢ ካለ በኋላ የቀረችውን ጉልበት የእጅ ባትሪ ውስጥ ከትቶ እስክትጨልም ማብራት ነው።

መብራት የሚሄድበት ቤት ውስጥ መሙላት የራሱ ዘዴ አለው። በሰዓት ቆጣሪ የሚሠራ ቻርጀር መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ከዜሮ ይቆጥራል። ለ10 ሰዓት የተቀመጠ ቻርጀር 8 ሰዓት ሞልቶ መብራት ለ5 ደቂቃ ቢሄድ፣ ሲመለስ ለሞላው ድንጋይ ሌላ 10 ሰዓት ይጨምርለታል። ቮልት የሚከታተለውም እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ነገር ግን የሞላ መሆኑን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደርሶበት ያቆማል። አንድ ሁለት ጊዜ ቢሆን ምንም አይደል። በአንድ ሌሊት 5 ጊዜ ቢመላለስ ግን እያንዳንዷ ዙር ታሞቀዋለች። ስለዚህ 3 ሰዓት የሚፈጅ ቻርጀር ካለዎት ማታ ነቅተው ባሉበት ሰዓት ይሙሉ እንጂ ሰክተው አይተኙ። መብራት ሲሄድ ይንቀሉት፤ ሲመለስ የመጀመሪያው ግፊት አልፎ ከረጋ በኋላ ይሰኩት።

ወይም ከፓወር ባንክ ይሙሉ። 10000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል እውነተኛ ፓወር ባንክ እንደ ቻርጀሩ ጥራት 2 ድንጋይ 2 ወይም 3 ጊዜ ይሞላል። መቆራረጥ የለ፣ የቮልት መዋዠቅ የለ። ለጉዞም የሚመረጠው ይሄው ነው። ወደ አፋር ወይም ወደ ጋምቤላ ቆላ የሚወርዱ ከሆነ ግን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይሙሉ። ድንጋዩ ገና ከጅምሩ ሞቆ ሲገባ ቻርጀሩ ወይ አልቀበልም ይላል ወይ ግማሽ ላይ ያቆማል፣ የገባውም በደንብ አይያዝም። እስኪመሽ ይጠብቁ።

ለረጅም ጊዜ ያልተነካ ድንጋይ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ የውሸት ዝቅታ ሊያሳይና ቻርጀሩ «ሞላ» ሊል ይችላል። በ10 ደቂቃ ሞላሁ ካለ አውጥተው መልሰው ያስገቡት። ሦስቴ እንዲያ ካለ ወይም ቻርጀሩ ስህተት የሚል መብራት ካበራ ድንጋዩ ሬዚስታንሱ አድጓል ማለት ነው።

የገዙት እውነተኛ መሆኑን ማጣራት ከፈለጉ ከሬዲዮ ጥገና ቤት 2.2 ኦም፣ 5 ዋት የሆነች ነጭ የሲሚንቶ ሬዚስተርና አንድ ቴስተር ይበቃዎታል። ድንጋዩን ይሙሉ፣ 1 ሰዓት ያሳርፉ፣ ቮልቱን ይለኩ፤ 1.38 ወይም 1.40 አካባቢ ያገኛሉ። ሬዚስተሯን በጫፎቹ መካከል ያገናኙና ሰዓት ይያዙ። የሚፈሰው 0.54 አምፔር ገደማ ስለሆነ አንድ ሰዓት ማለት 540 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። ቮልቱ እንዳገናኙ 1.3 አካባቢ ቢወርድ ጤነኛ ነው፤ በአንዴ ወደ 1.1 ከወደቀ አፉ ጠባብ ነው፣ ለካሜራ አይሆንም። 1.0 ቮልት ሲደርስ ወዲያው ይላቀቅ። 2000 የሚለው እውነተኛ ድንጋይ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። 4600 የሚለው እውነት ቢሆን ኖሮ 8 ሰዓት ተኩል መሄድ ነበረበት። ሬዚስተሯ ትሞቃለች፣ ፕላስቲክ ላይ አያስቀምጧት። ያለ ሬዚስተር በሽቦ ማገናኘት ግን አይሞከርም፤ የሚሞላ ድንጋይ ከ10 አምፔር በላይ ሊለቅ ስለሚችል ሽቦው ግሎ ይቀላል። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር የማይያዘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ካሜራውንም ሳንነካው አንለፍ። የባትሪ ቤቱን ክፈቱና ስፕሪንጎቹን በደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ አልኮል በነካ ጥጥ ይጥረጉ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ የሱቁ ድንጋይ አፍስሷል፤ ኮምጣጤ በነካ የጆሮ ጥጥ አሟሙተው በአልኮል ያጥቡት፣ አንድ ቀን ክፍት ሆኖ ይድረቅ። ቆሻሻ ስፕሪንግ በጥሩ ድንጋይ ላይ ሬዚስታንስ ይጨምራል፣ እስካሁን የለፋንበትንም ይበላል። ካሜራው ለሳምንታት የማይነሳ ከሆነ ድንጋዮቹ ወጥተው ሳጥናቸው ውስጥ ይቀመጡ።

እጅዎ ላይ ያሉትን 4ቱን በተመለከተ፣ ያቃጠለውን ዳግም አይሙሉት፤ እሳት ውስጥ ግን እንዳይገባ። ቀሪዎቹን በ2.2 ኦሟ ሬዚስተር ይፈትኗቸው፤ ከ1 ሰዓት በላይ የሄዱት ለእጅ ባትሪና ለሬዲዮ ይሆናሉ። ርካሹ ቻርጀር ሶኬት ላይ እያለ ውስጡ ያለውን ድንጋይ አይንኩት፣ አንዳንዱ ከመስመሩ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ስለሆነ ይነዝራል፤ ሁልጊዜ ነቅለው ነው የሚያወጡት። አዲሶቹ ሲመጡም ይህን ቻርጀር ከእነሱ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጡት። ቤት ውስጥ ያለ ሰው እጁ የገባለትን ቻርጀር ነው የሚሰካው።